የናፍጣ ሞተር ወይስ የቤንዚን ሞተር፤ የቅንጦት አውቶሞቢል ለሚገዛ ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

በአዲስ አበባ ከተማ የቄራ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የሥጋና የከብት ነጋዴው፣ ባለ አይሱዙው ጫኝ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጩና መካኒኩ ተጎራብተው የሚሠሩበት ሰፈር በመሆኑ፣ ስለ ሞተር የሚነሣው ክርክር በዚያ ስለ ዋጋ ከሚነሣው ክርክር ተለይቶ አይታይም። ከእነዚህም ክርክሮች ሁሉ ማለቂያ የሌለው አንዱ ይህ ነው፤ ገንዘብ ያጠራቀመ ነጋዴ ዋጋው ከፍ ያለ አውቶሞቢል ሲገዛ የናፍጣውን ይምረጥ ወይስ የቤንዚኑን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ላንድክሩዘር ዋጋ ለብዙ ነጋዴ የአንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃ ዋጋ ነው። ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ የተሳሰረው ገንዘብ ከንግዱ ወጥቶ በጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ከጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል፤ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፣ ገዢው የሚመርጠው በአመዛኙ ቀደም ብለው ከገቡትና ካገለገሉት መካከል ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ በመውደቁ፣ ከውጭ የሚመጣ የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወድዷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመረጠን ሞተር በቀላሉ መልሶ መለወጥ አይቻልም።

የሁለቱን ሞተሮች ልዩነት ከመሠረቱ መረዳት ለገዢው ይጠቅመዋል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባለ አራት ምት ሞተሩን አሠርቶ ባሳየ ጊዜ፣ የነዳጅና የአየር ድብልቅ በሲሊንደር ውስጥ ተጨምቆ በእሳት እንዲቀጣጠል አደረገ። የዛሬው የቤንዚን ሞተር ከዚያ የወረደ ሲሆን፣ እሳቱን የምትሰጠው ካንዴላ ናት። ሌላው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ዲዝል ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በእርሱ ሞተር ውስጥ የሚጨመቀው አየር ብቻ ነው፤ አየሩ እጅግ ስለሚጨመቅ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭ ያለ ካንዴላ በራሱ ይነዳል። ዲዝል የመጀመሪያውን የተሳካ ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ ያሳየው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው።

የቤንዚኑ ሞተር ድብልቁን በአብዛኛው 10 እጥፍ ገደማ ሲጨምቅ፣ የናፍጣው ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይጨምቃል። ከዚህ አንድ ልዩነት ብዙ ነገር ይከተላል። ብዙ የሚጨምቅ ሞተር ከነዳጁ የሚያወጣው ሥራ ይበልጣል፤ በሊትርም ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሌላ በኩል ጭመቱን እንዲችል ብረቱ መወፈር፣ ቴስታታው መጠንከር፣ ፖምፓውና ኢንጄክተሩም በከፍተኛ ጥራት መሠራት አለባቸው። የናፍጣ ሞተር ውድ የሚሆነው፣ የሚከብደውና የሚንኳኳ ድምፅ የሚያሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ናፍጣው ራሱም ከቤንዚን ይልቅ የከበደ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ 10 እጅ በላይ የሚበልጥ ኃይል በውስጡ ይዟል። ማደያ ላይ በሊትር የሚነጻጸረው ዋጋ ብዙ ሰው የሚያሳስተውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሊትሩ ዋጋ እኩል ቢሆን እንኳ የናፍጣው ገዢ ብዙ ኃይል ወስዶ ይሄዳል።

የቅንጦት አውቶሞቢል ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጸጥታ ነውና፣ ናፍጣ በዚህ ክፍል ውስጥ ለመግባት ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል በበርሊን ትርዒት ያቀረበው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጉልበቱ 45 የፈረስ ኃይል ብቻ ነበረ፤ በፍጥነቱም ሳይሆን በቆጣቢነቱ በታክሲ ባለቤቶች ዘንድ ተወደደ። ናፍጣ ከታክሲ ወደ ባለጸጋ ቤት መግባት የጀመረው ተርቦ የተባለው አየር ገፊ መሣሪያ ከሞተሩ ጋር ከተገጠመ በኋላ ነው፤ ያው ፋብሪካ 300 ኤስ ዲ የተባለውንና ተርቦ ያለውን ትልቅ ሰዳን በ1978 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ናፍጣ በአውሮፓ እየገነነ ሄዶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ከግማሽ በላይ የሆኑት በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ። ሮልስ ሮይስ ግን ለጸጥታ ካለው ጥንቃቄ የተነሣ የናፍጣ አውቶሞቢል ለገበያ አላቀረበም። በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ፎልክስዋገን የጭስ ምርመራን የሚያታልል ስልት በናፍጣ አውቶሞቢሎቹ ላይ መግጠሙ በአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከተገለጸ በኋላ፣ 11 ሚሊዮን ያህል አውቶሞቢሎች የተነኩበት ይህ ነገር የናፍጣን ስም በአውሮፓ ክፉኛ ጎዳው። በአውሮፓ የናፍጣ ሽያጭ መውረዱን ሰምቶ የአዲስ አበባውም ገዢ ናፍጣን ሊሸሽ ይችላል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ጉዳይ የራሱ ሚዛን አለው።

የመጀመሪያው ሚዛን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ጠረፍ ግፊት ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ አየር ካነሰው ጉልበቱ ይደክማል። ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ ፋብሪካው በመጽሐፉ ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን አዲስ አበባ ላይ ያጣዋል። በመጽሐፍ 200 የፈረስ ኃይል ያለው ሞተር ቄራ ላይ ሲነሣ 160 ያህል ብቻ ይዞ ነው የሚነሣው ማለት ነው። ወደ እንጦጦ የወጣ እንደ ሆነ ከዚህም በታች ይወርዳል።

ተርቦ ያለው ሞተር ግን ከሚወጣው ጭስ ኃይል ወስዶ አየሩን አስገድዶ ስለሚያስገባ፣ ከፍታው የወሰደበትን አብዛኛውን መልሶ ያገኛል። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውና ሕዝቡ በአጭሩ ቪ ኤይት የሚለው የላንድክሩዘር 200 ዓይነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አውቶሞቢል የናፍጣ ሞተሩ 4.5 ሊትር ሆኖ ሁለት ተርቦ አለው፤ ብርቱ በሆነው ዓይነቱ የመጎተት ጉልበቱ 650 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የቤንዚኑ 4.6 ሊትር ሞተር ግን ተርቦ የለውም፤ ጉልበቱም በባሕር ጠረፍ ላይ 460 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የከፍታው ቅናሽ ሲታሰብ ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ወደ 360 ይወርዳል። በሌላ አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ እጅግ ሰፍቶ የሚታየው ስለዚህ ነው። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን አውቶሞቢል ቤተ ሰብና ዕቃ ጭኖ አቀበት ሲወጣ ልዩነቱን የማያውቅ ሾፌር የለም።

ይሁን እንጂ ይህ የናፍጣ ብልጫ ሳይሆን የተርቦ ብልጫ እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንድክሩዘር 300 ባለ ተርቦ የሆኑ የናፍጣም የቤንዚንም ሞተሮች አሉት፤ የናፍጣው 3.3 ሊትር 700፣ የቤንዚኑ 3.5 ሊትር 650 ኒውተን ሜትር ይጎትታሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከፍታው ዳኛ ሊሆን አይችልም። እንዲሁም ተርቦ የሌለው ያረጀ የናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከማናቸውም የቤንዚን ሞተር የፈጠነ አይደለም፤ አየሩ ሲያንሰው ናፍጣው በሙሉ አይነድለትም፤ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ስለዚህ ገዢው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን» ብሎ ሳይሆን «ተርቦ አለው ወይስ የለውም» ብሎ ነው።

ስለ ቁልቁለት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። የናፍጣ ሞተር ብዙ ስለሚጨምቅ ቁልቁለት ላይ አውቶሞቢሉን አጥብቆ ይይዛል ተብሎ ይታመናል። በእርግጥ ግን የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር በሩ ስለሚዘጋ፣ ፒስቶኑ የተዘጋ በር እየሳበ ይታገላልና መያዙ ይበረታል። የናፍጣው የአየር በር በአብዛኛው ክፍት ስለ ሆነ፣ እንደ ከባድ መኪና የጭስ ማገጃ ፍሬን ካልተገጠመለት በቀር አያያዙ የላላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር ይህን አውቆ፣ ካምቢዮውን አስቀድሞ ወደ ዝቅተኛው ማድረግ አለበት። በፍሬኑ ብቻ ተማምኖ የወረደ እንደ ሆነ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል።

ሁለተኛው ሚዛን ገንዘብ ነው፤ ነጋዴ ሁሉ የሚቀድመውም ይህ ነው። የነዳጅ ዋጋ በኢትዮጵያ በመንግሥት የሚወሰን ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ የናፍጣ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ሆኖ ታወጀ። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ዋጋ ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። ዋጋው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ከመሆኑ ሌላ፣ የሁለቱ ቅደም ተከተል መገልበጡን ልብ ይሏል፤ በመጀመሪያ ናፍጣው ይበልጥ ነበር፤ በኋላ ግን ቤንዚኑ በለጠ። ስለዚህ «ናፍጣ ርካሽ ነው» ወይም «ናፍጣ ተወደደ» ብሎ በአንድ ወር ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ለ10 ዓመት የሚሆን አውቶሞቢል መግዛት ትክክለኛ ስሌት አይሆንም። የሚጸናው ልዩነት በሊትር የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለት ነጋዴዎችን ለምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው በቄራ ሥጋ የሚያከፋፍልና ቤቱ በካዛንቺስ የሆነ ነው እንበል። አውቶሞቢሉ ከቄራ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ባንክ፣ ከባንክ ቄራ እየተመላለሰ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገዱ መጨናነቅ የበዛበት ነውና የቤንዚኑ ሞተር በሊትር 6 ኪሎ ሜትር፣ የናፍጣው 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እንቁጠር። ቤንዚኑ በዓመት 2,000 ሊትር፣ ናፍጣው 1,500 ሊትር ይፈጃል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዋጋ ሲሰላ የቤንዚኑ ወጪ 202,940 ብር፣ የናፍጣው 148,470 ብር ይሆናል። የናፍጣው ቁጠባ በዓመት 54,470 ብር ነው።

ሁለተኛው ነጋዴ ከብት ለመግዛት ወደ ቦረናና ወደ ሐረርጌ የሚመላለስ፣ በዓመት 36,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ ቤንዚኑ በሊትር 8፣ ናፍጣው 10 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ የመጀመሪያው 4,500 ሊትር፣ ሁለተኛው 3,600 ሊትር ይፈጃሉ። በዚያው ዋጋ 456,615 ብርና 356,328 ብር ይሆናል፤ ቁጠባውም 100,287 ብር።

አሁን የናፍጣው አውቶሞቢል በግዢ ጊዜ ከቤንዚኑ 400,000 ብር ይበልጣል እንበል። ከብት ነጋዴው ይህን ብልጫ በ4 ዓመት ይመልሰዋል። የሥጋ አከፋፋዩ ግን ለመመለስ ከ7 ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት፤ በዚያ መካከል ኢንጄክተርና ፖምፓ ያስጠገነ እንደ ሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይፈርሳል። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር 8 ኢንጄክተር እንዳለው፣ አንዱ ሲበላሽም መካኒኩ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን አብሮ እንዲመረምር እንደሚገደድ ማስታወስ ያስፈልጋል። የቤንዚኑ ባለቤት 8 ካንዴላ ሲለውጥ የሚያወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እነዚህ ቁጥሮች ለማስተማሪያ የተወሰዱ ናቸው፤ ገዢው በቁጥሮቹ ፈንታ የራሱን ኪሎ ሜትርና በዕለቱ የሰማውን ዋጋ አግብቶ ቢያሰላ በግማሽ ሰዓት መልሱን ያገኛል። የሚገርመው፣ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ከሻጩ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ነጋዴ ብዙ ጊዜ ለዚህ ስሌት ግማሽ ሰዓት አይሰጥም፤ አውቶሞቢሉን ጎረቤቱ ስለ ገዛው ይገዛዋል።

ግብርን በተመለከተ ገዢው ልዩነት አያገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አውቶሞቢልን የሚመዝነው በሞተሩ ስፋትና በዕድሜው እንጂ በነዳጁ ዓይነት አልነበረም፤ አዲስ ሆኖ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነው ሁሉ ከመቶ 100 ይከፍል ነበር። 4.5 ሊትሩም 4.6 ሊትሩም ከዚህ በላይ ናቸው። ስለዚህ ቀደም ብለው በገቡት አውቶሞቢሎች ዋጋ ላይ የሚታየው የናፍጣ ብልጫ የመጣው ከግብሩ ሳይሆን ከገበያው ፍላጎት ነው። ፍላጎት ደግሞ ሲሸጥም ይመልሳል፤ በናፍጣው ላይ የተከፈለው ብልጫ ሁሉ የጠፋ ገንዘብ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ ሞተሩ ደኅና ከሆነ ከፊሉ በሽያጭ ጊዜ ይገኛል።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚረሱት ሚዛን የነዳጁ ጥራት ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራውን ካቆመ ወዲህ ለአገሪቱ የሚመጣው ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀ ሆኖ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ይገባል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከቦቴ ወደ ማደያ ጉድጓድ፣ ከማደያ ወደ ጀሪካን ሲገለባበጥ ውሃና ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። የቤንዚን ሞተር ጥቂት ቆሻሻ ቢገባበት ይንተፋተፍና ይታገሣል። አዲሱ የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት በእጅግ ቀጭን ቀዳዳ ይረጫል፤ አንድ ጠብታ ውሃ ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኢንጄክተሩን ልታበላሸው ትችላለች። በተለይ በክረምት ወራት የናፍጣ ፊልትሮንና የውሃ መለያውን በጊዜው ማስፈተሽ ለባለቤቱ ግዴታ ነው። ለናፍጣ ፊልትሮ ጥቂት መቶ ብር ለማዳን ሲል ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ዕቃ የሚያስገጥም ሰው በሺህ የሚቆጠረውን ያጣል።

ማደባለቅም ሌላው ችግር ነው። የላምባ ዋጋ ከናፍጣ እኩል ሆኖ ሲታወጅ መታየቱ በጎ ነው፤ ርካሽ ላምባ በናፍጣ ውስጥ ጨምሮ የሚገኘውን ትርፍ ያስቀራልና። ላምባ እንደ ናፍጣ የማለስለስ ጠባይ ስለሌለው፣ በነዳጁ ራሱ የሚለሰልሰውን ፖምፓ ያስበላዋል። ቤንዚንም በስሕተት በናፍጣ ታንከር ውስጥ ቢገባ የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ማደያ ላይ እንደ ታወቀ ቁልፉን ሳያዞሩ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ አውቶሞቢሉን አስገፍቶ ታንከሩን ማስቀዳት ያድናል። «ጥቂት ነው፤ ናፍጣ ቢጨመርበት ይቀጥናል» የሚለውን ምክር የሰሙ ብዙዎች ፖምፓ ገዝተዋል። የቤንዚን ተጠቃሚም በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ 5 ኤታኖል በቤንዚን ውስጥ መደባለቅ እንደ ተጀመረ ያስታውሳል፤ በዚህ መጠን የተደባለቀ ኤታኖል አዲስ ሞተርን አይጎዳም፤ የኃይሉ መጠን ከቤንዚን ስለሚያንስ ግን በሊትር የሚሄደውን መንገድ በጥቂቱ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ አዲስ የናፍጣ ሰዳን ነው። በአውሮፓ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናፍጣ ከአንድ ሚሊዮን 10 እጅ የማይበልጥ ድኝ ብቻ እንዲኖርበት ተደንግጓል፤ እነዚህም አውቶሞቢሎች የጭስ ማጣሪያቸው የተሠራው ለዚያ ንጹሕ ናፍጣ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከዚህም በላይ ማጣሪያው በውስጡ የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ የሚያጸዳው አውቶሞቢሉ ሞቆ በረጅም መንገድ ላይ ሲሄድ ነው። ከቄራ ካዛንቺስ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞተሩን እንኳ በቅጡ ሳያሞቀው ስለሚያልቅ፣ ጥቀርሻው ይከማቻል፤ መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ከላይ የተነሣው የሥጋ አከፋፋይ የአውሮፓ ናፍጣ ሰዳን የገዛ እንደ ሆነ ቆጥቦ የሚገዛው ነገር ይህ ራስ ምታት ብቻ ነው። ለእርሱ የቤንዚኑ ይሻለዋል። ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ታስቦ የተሠራና ይህ ማጣሪያ የሌለው ላንድክሩዘር ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ በአገራችን ለናፍጣ ላንድክሩዘር የሚሰጠው ክብር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንዳንድ ሰዎች ማጣሪያውን አስቆርጠው ማርሚታውን ባዶ ያደርጉታል። ሞተሩ ይቀለዋል፤ ጥቀርሻው ግን በሰፈሩ ሰው ሳንባ ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት መሥሪያ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥተው ለሚሠሩ መካኒኮች ይህ ተራ ወሬ አይደለም።

የባለሙያ ነገርም ይታሰብበት። የአገሪቱ ጭነት ሁሉ በናፍጣ መኪና ስለሚመላለስ፣ የናፍጣ ፖምፓ የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው ይገኛል፤ ቄራም የአይሱዙ ሰፈር ናት። ነገር ግን የአሮጌውን አይሱዙ ፖምፓ በጆሮው አዳምጦ የሚያስተካክል ሊቅ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን የቅንጦት አውቶሞቢል ኢንጄክተር በዚያው እጅ መንካት የለበትም። የኢንጄክተር መፈተኛ መሣሪያ ያለው ጋራዥና የሌለው ጋራዥ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሐኪም ቤትና ወጌሻ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ወጌሻ ለስብራት ጥሩ ነው፤ ለዐይን ግን ሐኪም ይፈለጋል። ገዢው አውቶሞቢሉን ከመግዛቱ በፊት በሚኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ጋራዥ መኖሩን ይጠይቅ።

ለመለዋወጫ አስመጪና ለባለ ሱቅ ደግሞ ይህ ጉዳይ የራሱ ትምህርት አለው። አዳዲስ የነዳጅ አውቶሞቢሎች መግባታቸው ቢቆምም፣ በአገር ውስጥ ያሉት ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ የሚጠይቁት ዕቃ ይበዛል እንጂ አያንስም። የሚጠየቀውም ዕቃ ዓይነቱ ይለወጣል፤ አዲስ አውቶሞቢል የሚፈልገው ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ሲሆን፣ ያረጀው የኢንጄክተር አፍንጫ፣ የተርቦ ኩሽኔት፣ የራዲያተርና የውሃ ፖምፓ ይጠይቃል። ባለ 3 ሊትሩ የፕራዶ ናፍጣ ሞተር ካሞውን የሚያዞረው በችንጋ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው በወሰነው ኪሎ ሜትር ችንጋው መለወጥ አለበት፤ ሳይለወጥ የተበጠሰ እንደ ሆነ ሞተሩን ይሰብራል። የላንድክሩዘሩ ባለ 4.5 ሊትር ግን በሰንሰለት የሚሠራ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የማያውቅ አስመጪ ያልተፈለገ ችንጋ በመጋዘን ሞልቶ ገንዘቡን ያስራል፤ የሚያውቀው ግን ደንበኛው ሳይጠይቅ «ችንጋውን መቼ ለወጥህ» ብሎ ይጠይቀዋል።

ከሁለቱ አንዱን የመረጠ ገዢ ያገለገለውን አውቶሞቢል ሲመለከት ማለዳ ሄዶ ሞተሩ ሳይሞቅ ቢያገኘው መልካም ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ አንድ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላልና፣ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። የአዲስ አበባ ማለዳ ቀዝቃዛ ቢሆንም ናፍጣን የሚያረጋ ብርድ አይደለም፤ ስለዚህ በማለዳ ለመነሣት የሚቸገር የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ ካንዴላው፣ ኢንጄክተሩ ወይም ጭመቱ ደክሟል ማለት ነው። ሲነሣ የሚወጣው ጭስ ይመርመር። ነጭ ሆኖ ሳይጠፋ የሚቆይ ጭስ ያልነደደ ናፍጣን ወይም በሲሊንደር ውስጥ የገባን ውሃ ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ይናገራል፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚግተለተል ጥቁር ጭስ አየር እንዳነሰው ወይም ኢንጄክተሩ እንዳፈሰሰ ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት እንደ ወናፍ የሚነፋ ከሆነ ፒስቶኑ ተበልቷል። ቀጥሎ ወደ አቀበት ይነዳ፤ ከቄራ ተነሥቶ ወደ ከተማው ከፍታ የሚወስድ መንገድ አይጠፋም። ተርቦው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ጥቂት ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ይበረታል፤ በከፍታ ላይ ይህ መዘግየት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ስለሚረዝም ገዢው በዚህ አይደንግጥ። ተርቦው የሚያፏጭ ከሆነ ግን ይደንግጥ።

የቤንዚኑ ምርመራ አጭር ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ መልክ ከያዙ ሞተሩ በእኩል እየነደደ ነው። አንዷ ብቻ በዘይት ርሳ ከተገኘች የዚያች ሲሊንደር ጭመት ይለካ።

በመጨረሻም የሊብሬው ነገር አለ። ሞተራቸው ተለውጦ ሌላ የተገጠመላቸው፣ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ የተዛወሩም አውቶሞቢሎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር በሞተሩ ብረት ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር፣ የነዳጁም ዓይነት በእጅ ካለው ሞተር ጋር መግጠሙ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በዐይን ይታይ። ካልገጠመ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢያስረዳ፣ ድርድሩ በዚያው ይቁም።